በአሜሪካ የሣር ሜዳ «ጠፉ» ስለ ተባሉ የምድር ባቡር ከተሞች ታሪክ አጻጻፍ

ከካንሳስና ከነብራስካ አንሥቶ እስከ ሰሜን ዳኮታና ሞንታና የሚዘረጋው፥ ፕሬሪ የሚባለው የአሜሪካ የሣር ሜዳ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ እኩሌታና በ20ኛው መጀመሪያ እጅግ ብዙ ትናንሽ ከተሞች የበቀሉበት፥ ከእነዚህም ብዙዎቹ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል እንኳ ሳይቈዩ የከሰሙበት አገር ነው። ስለ እነርሱ የተጻፈው ታሪክ ብዙ ነው፤ ቅርጹ ግን ከሞላ ጐደል አንድ ነው። ሐዲዱ ይመጣል፥ ከተማዪቱ ትወለዳለች፤ ሐዲዱ ይርቃል ወይም ይነቀላል፥ ከተማዪቱም ትሞታለች። ጸሓፊውም በመጨረሻው ገጽ ላይ የፈረሰ የእህል ጎተራና ሣር የለበሰ መንገድ አሳይቶ አንባቢውን ያሰናብታል።

ይህ አተራረክ ሐሰት ነው አይባልም። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን፥ ይኸውም ቦታውንና በቦታው የኖረውን ማኅበር፥ እንደ አንድ ነገር ይቈጥራል። ቦታው ሲፈርስ ማኅበሩም አብሮ እንዳለቀ አድርጎ ይደመድማል። ይህ ስሕተት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከሁሉ ይልቅ የምታሳየው በሰሜን ምዕራብ ካንሳስ የምትገኘው የኒቆዲሞስ ከተማ ናት። ስለዚህ የጥናቶቹን ብርታትና ጉድለት በእርስዋ መመዘን ይገባል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ፥ ከተሞቹ እንዴት ተሠሩ ለሚለው ጥያቄ ጥናቱ የሰጠውን መልስ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1862 በአሜሪካ መንግሥት ሁለት ሕጎች ወጡ። አንደኛው ለሚሰፍርና ለሚያርስ ሰው 160 ኤከር መሬት የሚሰጥ ሲሆን፥ ሁለተኛው ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚሄደውን ሐዲድ ለሚዘረጉ ኩባንያዎች መሬት የሚመራ ነበር። ኩባንያው ለዘረጋው ለያንዳንዱ ማይል ሐዲድ 10 ካሬ ማይል መሬት፥ ሕጉ በ1864 ከተሻሻለ በኋላም 20 ካሬ ማይል መሬት ያገኝ ነበር። ስለዚህ የምድር ባቡር ኩባንያ ዕቃና ሰው አመላላሽ ብቻ ሳይሆን መሬት ሻጭም ሆነ። መሬቱን የሚገዛ፥ እህሉንም በባቡሩ የሚጭን ገበሬ ይፈልግ ነበርና፥ ገበሬው የሚገበይበትን ከተማ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ነደፈ።

ይህን አሠራር ከማንም ይልቅ አብራርቶ የጻፈው፥ በ1985 በታተመውና የሰሜን ዳኮታን ትናንሽ ከተሞች በሚመረምረው መጽሐፉ፥ ጆን ሃድሰን ነው። ሃድሰን እንዳሳየው በሁለት ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በአጋጣሚ የተገኘ አልነበረም። ገበሬው እህሉን በጋሪ ጭኖ፥ ሸጦ፥ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ለመመለስ እንዲችል ሆኖ የተሰላ ነበር። የመንገዶቹም ንድፍ የተመደበ ነው፤ በብዙዎቹ ከተሞች ዋናው የንግድ መንገድ ከሐዲዱ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፥ ጣቢያው በራሱ ላይ ይቆማል። ስሙም ቢሆን ብዙ ጊዜ የኩባንያው ስጦታ ነበር። በነብራስካ ከሊንከን በስተ ምዕራብ የበርሊንግተን ሐዲድ ሲዘረጋ፥ ጣቢያዎቹ በላቲን ፊደል ተራ ተሰየሙ፦ ክሪት፥ ዶርቼስተር፥ ኤክሰተር፥ ፌርሞንት፥ ግራፍተን፥ ሃርቫርድ፥ ኢንላንድ፥ ጁንያታ፥ ኬኔሶ፥ ሎወል። በዚህ ስም አወጣጥ ውስጥ የሰፋሪው ፈቃድ፥ የመሬቱም ጠባይ፥ ከዚያ በፊት በቦታው የነበረው ሕዝብ ቋንቋም ቦታ አልነበራቸውም።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር እንማራለን። ብዙዎቹ ከተሞች የጠፉት ድንገተኛ መቅሠፍት ደርሶባቸው ሳይሆን፥ ከመጀመሪያው ከሚያስፈልገው በላይ ስለ በዙ ነው። በ1905 ሱ ላይን የተባለው ኩባንያ በሰሜን ዳኮታ ግሬት ኖርዘርን የራሱ ገበያ አድርጎ በሚቈጥረው አገር ውስጥ አዲስ ሐዲድ ሲዘረጋ፥ ግሬት ኖርዘርንም በበኩሉ ቅርንጫፍ ሐዲዶችን ሲያበዛ፥ ሁለቱ ተፎካካሪዎች የአገሩ ንግድ ሊመግባቸው ከሚችለው በላይ ከተሞችን ፈጠሩ። በኋላ መኪናና የጭነት መኪና መጥተው የአንድ ቀን መንገድ የአንድ ሰዓት መንገድ በሆነ ጊዜ፥ በጋሪ ርቀት የተሰላው ስሌት ፈረሰ። በ20ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር በናፍጣ ሲተካ፥ ውሃ ለመቅዳት ብቻ የቆሙት ጣቢያዎች ሥራ አጡ። በ1980 የወጣው ሕግም ኩባንያዎች የማያተርፉባቸውን ቅርንጫፍ ሐዲዶች እንዲተዉ አቀለለላቸው። እንግዲህ የነዚህ ከተሞች ሞት ከሥነ ልደታቸው ተለይቶ ሊጻፍ አይችልም።

የሃድሰን ሥራ እስከዚህ ድረስ አስተማሪ ነው። ጉድለቱ ግን ከብርታቱ የሚመነጭ ነው። ከተማን ከኩባንያው ጽሕፈት ቤት መስኮት የሚመለከት ጥናት፥ ከተማ ማለት የቦታ ሻጩ፥ የነጋዴውና የጎተራው ድምር ነው ወደ ማለት ያዘነብላል። እነዚህ ሲሄዱ የከተማው ታሪክ አለቀ ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑ፥ የመቃብሩ ቦታ፥ ጋብቻው፥ ዓመታዊው በዓል ግን በኩባንያው መዝገብ አይገኙም፤ የሚዘጉበትም ቀን ከጎተራው ጋር አንድ አይደለም።

በዚህ ነጥብ ላይ «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ። ቃሉ ከግእዙ «ከተመ» የወጣ ሲሆን፥ በቀድሞ ዜና መዋዕሎች ንጉሡ ከነሠራዊቱ የሰፈረበትን ቦታ ያመለክታል። ንጉሡ በተነሣ ጊዜ ምድሩ በስፍራው ይቀራል፥ ከተማው ግን ከሰዎቹ ጋር ይሄዳል። ሮናልድ ሆርቫት በ1969 ስለ ኢትዮጵያ ተዘዋዋሪ መናገሻዎች በጻፈው ጥናት ይህን ልማድ ለውጭ አንባቢ አስተዋውቆታል። የአሜሪካውም ሜዳ የሚዘዋወር ከተማ አይቷል። ዩኒየን ፓሲፊክ ሐዲዱን ወደ ምዕራብ ሲገፋ፥ ሠራተኛውን፥ ነጋዴውንና ቁማርተኛውን ያሰባሰቡ የድንኳን ከተሞች አብረውት ይጓዙ ነበር። በዋዮሚንግ የነበረችው ቤንተን በ1868 ሐምሌ ገደማ ተተክላ፥ 3,000 ያህል ሰው እንደ ነበረባት ከተነገረላት በኋላ፥ ሦስት ወር ሳይሞላት ጠፍታለች። በኮሎራዶ ያለችው ጁልስበርግ ደግሞ ስምዋን እንደ ያዘች አራት ቦታ ቀያይራለች። ሁለቱም ቦታ ለቀዋል፤ ነገር ግን አንዲቱ ጠፋች ስትባል ሁለተኛዪቱ ተዛወረች ትባላለች። ልዩነቱን የፈጠረው ሐዲዱ አይደለም፤ ስምና ማንነት ይዞ የሚሄድ ማኅበር መኖሩና አለመኖሩ ነው። እርግጥ ነው፥ የንጉሥ ሰፈር በትእዛዝ ሲነሣ የሜዳው ከተማ በገበያ ኀይል ይነሣል፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ አይገባም። ቃሉ የሚጠቅመን ከተማን በቤቶቹ ሳይሆን በሰዎቹ ለመተርጐም ስለሚያስችል ብቻ ነው።

ወደ ኒቆዲሞስ ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠነክራል። ከተማዪቱ በ1877 የተመሠረተችው በአሜሪካ ከባርነት ነፃ በወጡ ጥቁር ሰፋሪዎች ነው። የከተማው ኩባንያ ፕሬዚዳንት ጥቁሩ ቄስ ደብልዩ ኤች ስሚዝ ሲሆን፥ ነጩ የመሬት ነጋዴ ደብልዩ አር ሂል ዋና አስተዋዋቂው ነበር። በዚያው ዓመት በታተመ ማስታወቂያ ጥቁር ዜጎች በ5 ዶላር የከተማ ቦታ እንዲገዙ ተጋበዙ። በመስከረም ወር 300 ያህል ሰዎች ከኬንታኪ መጡ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሌሎች ተከተሉ። ባቡሩ እስከ ኤሊስ ጣቢያ ካደረሳቸው በኋላ የቀረውን መንገድ በእግራቸው ተጓዙ። ከመጡት አንዲቱ ዊሊያና ሂክማን በኋላ ዘመን እንደ ተረከችው፥ ከተማውን አሳዩኝ ባለች ጊዜ ያየችው ከምድር ውስጥ የሚወጣ ጭስ ብቻ ነበርና አለቀሰች፤ ሰዎቹ መሬት ቈፍረው በጕድጓድ ቤት ይኖሩ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ከአደን የሚመለሱ የኦሴጅ ሰዎች ሥጋ እንደ ሰጧቸው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተረክ ቈይቷል።

ይህ የመጨረሻው ትውስታ በአብዛኞቹ የከተማ ታሪኮች ውስጥ የተዘነጋ ነገር ያስታውሰናል፤ ሜዳው ባዶ አልነበረም። በ1867 በሜዲስን ሎጅ በተደረገው ውል ሻያንና አራፓሆ የተባሉት ሕዝቦች ወደ ደቡብ፥ ወደ ኢንዲያን ግዛት እንዲሄዱ ባይደረግ ኖሮ፥ ሐዲዱም ሆነ ሰፋሪው በዚያ አገር ባልጸና ነበር። ስለዚህ ስለ ጠፋች ከተማ የሚያዝን ጸሓፊ፥ ከተማዪቱ ራስዋ በሌላ መጥፋት ላይ የቆመች መሆንዋን ዘንግቶ ከተነሣ፥ ኀዘኑ ግማሽ ነው።

የኒቆዲሞስ ሰዎች ሐዲድ የከተማ ነፍስ ነው የሚለውን ሐሳብ ከማንም ባላነሰ ያምኑ ነበር። ከተማዪቱ በ1880ዎቹ ዓመታት አብያተ ክርስቲያናት፥ ሆቴል፥ ልዩ ልዩ ሱቆች፥ ሁለትም ጋዜጦች ነበሩዋት። በ1878 ወደዚያ የመጣው ኤድዋርድ ማኬብ በ1882 የካንሳስ ግዛት ዋና ኦዲተር ሆኖ ተመርጧል። በ1887 ነዋሪዎቹ የሚሱሪ ፓሲፊክ ኩባንያ ሐዲዱን ወደ እነርሱ እንዲያመጣ 16,000 ዶላር በብድር ሰነድ ሊከፍሉ ድምፅ ሰጡ። ሐዲዱ ግን አልመጣም። በ1888 ዩኒየን ፓሲፊክ መሥመሩን ከሰለሞን ወንዝ በስተ ደቡብ አሳለፈ፥ ቦግ የተባለችውም ጣቢያ ከኒቆዲሞስ 6 ማይል ያህል ርቃ ተመሠረተች። ነጋዴዎቹ እየተከታተሉ ወደ ቦግ ተሻገሩ። የብዙዎቹ ጸሓፊዎች ትረካ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ባቡሩ አለፋት፥ ኒቆዲሞስም ሞተች።

ይህን ፍርድ ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሕንፃዎቹን ማየት ይበቃል። በ1996 ኒቆዲሞስ ብሔራዊ የታሪክ ቦታ ተብላ በተሰየመች ጊዜ አምስት ሕንፃዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በ1907፥ ትምህርት ቤቱ በ1918፥ የቀበሌው አዳራሽም በ1939 የተሠሩ ናቸው። ማለት ከአምስቱ ሦስቱ ከተማዪቱ «ከሞተች» በኋላ የተሠሩ ናቸው። ፖስታ ቤቱም የተዘጋው በ1953 ነው። የሞተ ከተማ በሞተ በ19 ዓመቱ ቤተ ክርስቲያን፥ በ30 ዓመቱም ትምህርት ቤት አይሠራም። በ1888 የተዘጋው ሱቁና ጋዜጣው ነበር፤ ገበሬው፥ ምእመኑና ተማሪው ግን በስፍራው ነበሩ። ጸሓፊዎቹ የነጋዴውን መሄድ የሕዝቡ መሄድ አድርገው ቈጠሩት፤ ምክንያቱም የተጻፈው ምንጭ፥ በተለይም ጋዜጣው፥ የነጋዴው ነበር። ሁለቱም ጋዜጦች በነጮች እጅ የነበሩና የከተማ ቦታ ዋጋ እንዲወጣ የሚሠሩ እንደ ነበሩ ሲታወስ፥ በመዘጋታቸው የተከተለው ዝምታ የሕዝብ ዝምታ እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል።

ስለ ኒቆዲሞስ የተጻፉት ዋና ዋና ጥናቶች በዚህ ረገድ እኩል አይደሉም። ኔል ፔንተር በ1977 ገደማ ባሳተመችው መጽሐፍ ስለ ጥቁሮች ወደ ካንሳስ መሰደድ ስትጽፍ፥ ቀድማ የታቀደችውን የኒቆዲሞስን ሰፈራ በ1879 ከተነሣው የብዙኀን ፍልሰት ለይታ አሳይታለች፤ የሰዎቹንም ፍርሃትና ተስፋ በፖለቲካው ሁኔታ ውስጥ አስቀምጣለች። ኖርማን ክሮኬት በ1979 አምስት ጥቁር ከተሞችን አወዳድሮ በራስ የመተዳደርን ምኞት አጕልቷል። ኬኔት ሃሚልተን ግን በ1991 ባወጣው መጽሐፍ፥ እነዚህ ከተሞች ከሁሉ በፊት የትርፍ ሥራዎች ነበሩ፤ መሥራቾቻቸውም እንደ ሌላው የምዕራብ አገር መሬት ነጋዴ መታየት አለባቸው ሲል ተከራክሯል።

የሃሚልተን ክርክር ጤናማ እርማት ነው። ጥቁሩን ሰፋሪ ከሌላው ሰው የተለየ ሕልመኛ ብቻ አድርጎ ማቅረብ፥ ማስላትና ማትረፍ የሚያውቅ ሰው መሆኑን መካድ ይሆናልና። ሆኖም የመሥራቹ ዓላማ የነዋሪው ዓላማ ነው ማለት አይቻልም። ሂል ቦታ ሸጦ ሊያተርፍ መጣ፤ ከኬንታኪ የመጣችው እናት ግን ልጆችዋ በራሳቸው መሬት ላይ እንዲያድጉ መጣች። የመጀመሪያው ዓላማ በ1888 ከሸፈ፤ ሁለተኛው ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሠርቷል። የትርፍን መዝገብ ብቻ የያዘ ጸሓፊ የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን ሊመዝን አይችልም።

ሐዲዱ ብቻውን ሕይወትም ሞትም እንደማይሰጥ ከኦክላሆማዋ ከቦሊ ታሪክም ይታያል። ይህች ጥቁር ከተማ በ1903 የክሪክ ሕዝብ ግዛት በነበረ አገር፥ በፎርት ስሚዝና ዌስተርን ሐዲድ ዳር ተቈረቈረች። ኒቆዲሞስ ያጣችውን ሁሉ አገኘች፤ ባቡር፥ ባንክ፥ የጥጥ ንግድ። ነገር ግን በ1910 የኦክላሆማ ግዛት ጥቁሮችን ከምርጫ የሚያገድ ድንጋጌ አወጣ፤ በ1920ዎቹ የጥጥ ዋጋ ወደቀ፤ ከተማዪቱም እየደከመች ሄደች። ሐዲዱ የተተወው በ1939 ነው፥ ማለት ድካሙ ከጀመረ ከብዙ ዓመታት በኋላ። በቦሊ ሐዲዱ ተከታይ እንጂ መሪ አልነበረም። የሕግ በደልና የገበያ ውድቀት የሠሩትን ሥራ በሐዲድ ላይ ብቻ ማላከክ ተጠያቂውን መሰወር ነው። ሐዲድ ብረት ነው፤ ብረት አይከሰስም።

በአንጻሩ ደግሞ ኒቆዲሞስን የማይናወጥ ጽናት ምሳሌ ማድረግ ሌላ ስሕተት ይሆናል። የባቡሩ መቅረት እውነተኛ ጉዳት ነበር፤ ገበሬው እህሉን ለመሸጥ፥ ዕቃውንም ለመግዛት ወደ ሌላ ከተማ መሄድ ግድ ሆነበት። በ1930ዎቹ የደረሰው ድርቅና የኤኮኖሚ ውድቀት ብዙ ቤተሰብ በትኗል፤ ወጣቱም ወደ ትላልቅ ከተሞች ሄዷል። በቦታው የቀሩት ነዋሪዎች በመጨረሻ ጥቂቶች ብቻ ሆነዋል። ባቡር ያገኘችው ቦግም ብትሆን በ2010 በተደረገው ቈጠራ ከ200 የማይበልጥ ሕዝብ ያላት መንደር ነበረች። ሁለቱም ከተሞች አንሰዋል፤ የሚለያዩት ሌላ ቦታ ነው።

ልዩነቱ የሚታየው በሐምሌ ወር መጨረሻ ነው። ከሰፈራው መጀመሪያ ዓመታት አንሥቶ የኒቆዲሞስ ሰዎች የነፃነትን በዓል ሲያከብሩ ኖረዋል። በዓሉ የተያያዘው በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር በነበሩት የካሪቢያን ደሴቶች በ1834 ባርነት ከቀረበት ቀን ጋር ነው። ዛሬ በዓሉ የመመለሻ በዓል ሆኗል፤ የመሥራቾቹ ዘሮች ከልዩ ልዩ ግዛቶች መጥተው በአያቶቻቸው ቦታ ይሰበሰባሉ። ሌላ ጊዜ ጥቂት ሰው የማይታይበት መንደር በዚያ ሰሞን ይሞላል። ለሕዝብ ቈጣሪው ይህ ቍጥር የለውም፤ ቈጠራው የሚያድርን እንጂ የሚመለስን አይጽፍምና። ለሥነ ሕዝብ ጥናት ግን ዋናው ማስረጃ ይኸው ነው። ዝምድና፥ መቃብርና በዓል ያስተሳሰሩት ማኅበር ከተማውን በዓመት አንድ ጊዜ እንደ ገና ይተክላል።

ከዚህ የሚከተለው በጥናት ሥራ ላይ ክብደት አለው። አንዲትን ቦታ «የጠፋች ከተማ» ብሎ መመዝገብ ንጹሕ ገለጻ አይደለም። የዚያች ከተማ ልጆች በሕይወት ሳሉ ታሪካቸው የተዘጋ ፋይል ይሆናል፤ ትውስታቸው ምንጭ መሆኑ ቀርቶ ጌጥ ይሆናል፤ ተመራማሪውም ሰዎቹን ከመጠየቅ ይልቅ ፍርስራሹን ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። ለተጓዥ የሚዘጋጁት የሙት ከተሞች መመሪያዎች ይህን ልማድ አስፋፍተዋል። የመንግሥት ጥበቃም ቢሆን፥ ሕንፃውን ሲያድን ማኅበሩን ካላዳመጠ፥ ያንኑ ስሕተት በተሻለ ወረቀት ላይ መጻፍ ይሆናል።

ስለዚህ የሣር ሜዳውን ከተማ ታሪክ የሚጽፍ ሰው አንድ የሞት ቀን ከመፈለግ ይልቅ ተቋሞቹን አንድ በአንድ ሊከታተል ይገባዋል። የመጨረሻው ባቡር መቼ ቆመ? የመጨረሻው ሱቅ፥ ፖስታ ቤቱ፥ ትምህርት ቤቱ መቼ ተዘጉ? የመጨረሻው ሰው በመቃብሩ የተቀበረው መቼ ነው? በዓሉስ ቆሟል ወይስ ይከበራል? እነዚህ ቀኖች በአንድ መሥመር ላይ ቢቀመጡ፥ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ብዙ ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ትውልድ ርቀት ይገኛል። የከተማው ታሪክ የበለጠው ክፍል ያለው በዚያ ርቀት ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ የተጻፉት አብዛኞቹ ጥናቶች ይህን ርቀት ባዶ ትተውታል። ከተማዪቱ መቼ ጠፋች የሚለው ጥያቄ በሌላ ጥያቄ ካልተተካ ባዶው አይሞላም፤ ይኸውም ከከተማዪቱ ምን፥ መቼ፥ በማን ውሳኔ ጠፋ፤ ምንስ ቀረ የሚለው ነው።